ባለቤት የጠፋበት ዓረፍተ ነገር፦ ዜናና ማስታወቂያ በአማርኛ እንዴት ያሳምኑናል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚገዛበትን ዋጋ ከ57.48 ብር ወደ 74.73 ብር ከፍ አደረገ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱን ያስታወቀው በዚያው ዕለት ነበር። በዚያ ሳምንት ዜናውን ከተለያየ ቦታ የተከታተለ ሰው ያንኑ ድርጊት በብዙ ስም ሰምቷል። ለአንዱ «የማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያ» ነው፤ ለሌላው የብር መውደቅ፤ ለሦስተኛው የዶላር መወደድ። ቁጥሩ እንኳን እንደ አያያዙ ይለዋወጣል። ዶላሩን ይዞ ያሰላ ሰው በ30 በመቶ ተወደደ ይላል፤ ብሩን ይዞ ያሰላ ደግሞ 23 በመቶ ዋጋውን አጣ ይላል። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው። የዋሸ የለም። ሰሚው ግን ከእያንዳንዱ አገላለጽ የተለየ ስሜትና የተለየ ፍርድ ይዞ ይነሳል።

ስለ መገናኛ ብዙኃን ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨነቀው ስለ ሐሰተኛ መረጃ ነው። ሕጉም ያተኮረው እዚያው ላይ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1185 የሚቀጣው ሐሰትንና ጥላቻን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሐሰት የሌለበት ማሳመን ነው። ማንም ሊከስሰው አይችልም፤ ማስተባበያም አይወጣለትም፤ ምክንያቱም የሚሠራው በመረጃው ውስጥ ሳይሆን በዓረፍተ ነገሩ አገነባብ ውስጥ ነው። ሰዎች የማስታወቂያና የፕሮፓጋንዳ ኃይል በትልልቅ ቅጽሎች ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል፤ «ድንቅ»፣ «ታሪካዊ»፣ «ወደር የለሽ» በሚሉት። እነዚህን ግን ሁላችንም ለምደናቸዋል፤ ስንሰማቸው ጆሯችን ራሱ ቅናሽ አድርጎ ይቀበላቸዋል። የማንጠነቀቀው ትንንሾቹን ነው፤ የግሡን ቅርጽ፣ የአክብሮቱን ተውላጠ ስም፣ «እስከ»ን እና «ጀምሮ»ን። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት መጥፋት።

አማርኛ በዚህ ረገድ እንደ እንግሊዝኛ አይደለም። ግሣችን ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። «ጨመሩ» ያለ ሰው ጨማሪዎቹ ብዙ፣ ወይም አንድ የሚከበር ሰው፣ መሆናቸውን ሳይወድ በግድ ተናግሯል። «ጨመረች» ካለም ሴት መሆኗን ነግሮናል። ስለዚህ በአማርኛ አድራጊውን መደበቅ የፈለገ ሰው ዝም ብሎ ስሙን መተው አይበቃውም፤ ግሡን ራሱን መለወጥ አለበት። ነጋዴዎች ዋጋ ጨመሩ፣ ዋጋ ተጨመረ፣ ዋጋ ጨመረ፤ እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ቀስ ብሎ ማንበብ ይበቃል። በመጀመሪያው ውስጥ ሰዎች አሉ። በሁለተኛው ድርጊቱ አለ፣ ሰዎቹ ግን የሉም። በሦስተኛው ዋጋው ራሱ ነፍስ ዘርቶ፣ በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ ጨምሯል፤ ማንም ሊጠየቅ አይችልም። የነዳጅ ዋጋ በተሻሻለ ቁጥር የሚወጣው መግለጫ ደግሞ አራተኛ መንገድ አለው፤ «የዋጋ ማስተካከያ ተደርጓል» ይላል። እዚህ ላይ ጭማሪውም የለም። የተጣመመ ነገር ነበረ፣ ተስተካከለ፤ በቃ።

ይህ የሰዋስው ሊቃውንት ጭንቀት ብቻ አይደለም። ኬትሊን ፎሲ እና ሌራ ቦሮዲትስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2004ቱ የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ እግር ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ) የእረፍት ሰዓት ትርዒት ላይ የተፈጠረውን አወዛጋቢ ክስተት እንዲያነቡ አድርገው ነበር፤ ዘፋኙ ጀስቲን ቲምበርሌክ የዘፋኟን የጃኔት ጃክሰንን ልብስ የገለጠበትን። ለግማሾቹ ልብሱን «ቀደደው» የሚል፣ ለሌሎቹ ልብሱ «ተቀደደ» የሚል ጽሑፍ ተሰጣቸው። ልዩነቱ ይህችው ብቻ ነበረች። «ቀደደው» የሚለውን ያነበቡት ዘፋኙን የበለጠ ጥፋተኛ አደረጉት፤ መክፈል አለበት ያሉትም የገንዘብ ቅጣት ከግማሽ በላይ የበለጠ ሆነ። ቪዲዮውን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች እንኳን ከዚህ ተጽዕኖ አላመለጡም። በእንግሊዝኛ የተገኘውን ውጤት በአማርኛ ለመረዳት ልዩ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ግሥ ውስጥ ያለው ሰው በሁለተኛው ውስጥ የለም።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ዜና ክፍሎቻችን እንግባ። በጥይት ስለሞተ ሰው አማርኛ ሦስት ዓይነት ዜና ሊጽፍ ይችላል፤ «ሕይወቱ አለፈ»፣ «ተገደለ»፣ «ገደሉት»። በመጀመሪያው ሟች በሕመም አልጋ ላይ ካረፈ ሰው አይለይም። በሁለተኛው ገዳይ መኖሩ ይታወቃል፣ ማንነቱ ግን አይነገርም። ሦስተኛው ተጠያቂ ይፈልጋል። ጋዜጠኛው ገዳዩን ካላወቀ «ተገደለ» ማለቱ ታማኝነት ነው፤ ይህን አልከራከርም። ገዳዩ እየታወቀ «ሕይወቱ አለፈ» ሲባል ግን በሟች ላይ ሌላ በደል ይጨመርበታል። በአገራችን ባለፉት ዓመታት የአንድ ወገን ሟቾች «ተጨፈጨፉ»፣ የሌላው ወገን ሟቾች «ሕይወታቸው አለፈ» የተባለባቸውን ዘገባዎች በየጣቢያው ሰምተናል፤ የትኛው ወገን የትኛውን ግሥ እንደሚያገኝ የሚወስነው ደግሞ ጣቢያው የማን እንደሆነ ነው።

ስያሜም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረውን የፌዴራሉ መንግሥትና ለእርሱ የቀረቡ መገናኛ ብዙኃን «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» አሉት፤ የትግራይ ኃይሎችና ደጋፊዎቻቸው ደግሞ በትግራይ ሕዝብ ላይ የታወጀ ጦርነት አሉት። አድማጩ ተናጋሪው የየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ዜናውን እስከ መጨረሻው መስማት አላስፈለገውም፤ የመጀመሪያው ስም በቂ ነበር። ሕግ ማስከበር በሚባል ነገር ውስጥ አንደኛው ተዋናይ ሕግ ነው፣ ሌላው ወንጀለኛ ነው፤ የተፈናቀለ ገበሬ ቦታ የለውም። ጦርነት ሲባል ግን ሁሉም ቦታ አለው፤ ወታደሩም፣ ስደተኛውም፣ የተራበውም ሕፃን። ስሙን የመረጠ ሰው ማን ማን እንደሚታይም መርጧል።

ከስሞቹ ይልቅ ሳይታዩ የሚያልፉት የንግግር ግሦቹ ናቸው። የአማርኛ ዜና በ«ገለጹ» ይጀምራል፣ በ«ገለጹ» ያልቃል። «ገለጹ» ስንል ተሸፍኖ የነበረ እውነት ነበረ፣ ሰውየው ሽፋኑን አነሡት ማለታችን ነው። «አረጋገጡ» ስንልማ ጥርጣሬው ተዘጋ። «አስታወቁ» ስንል እርሳቸው የሚያውቁ፣ እኛ የማናውቅ ሆንን። አንድ ኃላፊ ሥራው 80 በመቶ ተጠናቋል ቢሉና ጋዜጠኛው ቦታው ድረስ ሄዶ ባያየው፣ ትክክለኛው ግሥ «ብለዋል» ነው። ስለ ተቺው ስንጽፍ ደግሞ ግሦቹ ወዲያው ይለወጣሉ፤ «ወነጀሉ»፣ «ከሰሱ»፣ «አማረሩ»፣ «ቅሬታ አሰሙ»። ኃላፊው እውነትን ይገልጻል፤ ነዋሪው ያማርራል። ዜናው ውስጥ አንድም የአስተያየት ቃል ሳይገባ ፍርዱ ተሰጥቷል። በመንግሥት ቤት ብቻ የሚታይ ልማድም አይደለም፤ ከውጭ አገር በሚተላለፉ የተቃዋሚ ፕሮግራሞች ላይ ግሦቹ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ ዘዴው ያው ነው። እዚያ ተቺው «ያጋልጣል»፣ ባለሥልጣኑ «ያስተባብላል»።

ወደ ንግዱ ዓለም ስንሻገር ባለቤቱን የመሰወር ጥበብ የበለጠ ይራቀቃል። አገልግሎት ሲቋረጥ በስልካችን የሚደርሰንን መልእክት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን»። ይቅርታ ጠያቂዎቹ አሉ፤ «እንጠይቃለን» ብለዋል። መስተጓጎሉ ግን ተፈጠረ እንጂ ማንም አልፈጠረውም። ይቅርታ የሚጠየቀው ባልሠሩት ሥራ ነው፤ ስለዚህ በይቅርታው ውስጥ ካሳ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ የሚሻሻል ነገርም የለም። ደንበኛው በአክብሮት ተስተናግዶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አክብሮቱ ራሱ ትልቅ መሣሪያ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መሪ ቃል «ሁሌም የሚተማመኑበት ባንክ» ይላል። ማነው የሚተማመንበት? በአማርኛ «እርስዎ»፣ «እሳቸው» እና «እነርሱ» የሚወስዱት የግሥ ቅርጽ አንድ ነው። ስለዚህ «የሚተማመኑበት» ስንሰማ ሁለት መልእክት በአንድ ጊዜ ይደርሰናል፤ እርስዎ የተከበሩት ይተማመኑበታል፣ እነርሱም ማለትም ሌላው ሰው ሁሉ ይተማመንበታል። «የምትተማመንበት» ተብሎ ቢጻፍ ሁለተኛው ፍቺ ይጠፋ ነበር። ጸሐፊው አስቦበትም ይሁን በቋንቋው ተፈጥሮ ተመርቶ፣ ያገኘው ነገር የተዋጣለት ነው፤ ሰው በአገልግሎቱ ከመተማመኑ በፊት ሌሎች እንደሚተማመኑበት ማወቅ ይፈልጋልና። የዳሸን ባንክ «ሁሌም አንድ እርምጃ ቀዳሚ» ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል። ከማን ነው የቀደመው? በምን? አልተነገረም። ግሥም የለውም፤ ግሥ ከሌለ ባለቤትም ጊዜም የለም፤ ስለዚህ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ብሎ መመርመር አይቻልም። ተወዳዳሪውን ሰሚው ራሱ በልቡ ይሞላዋል፤ ባለፈው ሳምንት ሰልፍ ያስቆመውን ሌላ ባንክ ሊሆን ይችላል። አድማጭ ራሱ የሞላውን ክፍት ቦታ ደግሞ አይጠራጠርም፤ የራሱ ሐሳብ ነዋ።

ይህ የቃል ቁጥብነት ከባንኮች በፊትም ነበረ። የየካቲት 1957ቱ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የያዙት፤ ግሥ አልነበረውም። ማን ይስጥ? መቼ? በምን ሕግ? ሁሉም ክፍት ነው፤ ለዚያ ነው ከአንዱ ተማሪ እስከ ሌላው፣ በኋላም እስከ ወታደሩ ድረስ ሁሉም የየራሱን መልስ ይዞ በአንድ መፈክር ሥር ሊሰለፍ የቻለው። ደርግ የተከተለው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ግሥ አለው፣ ትእዛዝ ይመስላል፤ ታዛዡ ግን አልተጠራም። የመፈክሩ ጥንካሬ ሰውን ሁሉ ማስገባቱ ነበር፤ አደጋውም ያው ነበር፤ ማን እንደሚያስቀድማት፣ በማንስ ላይ እንደሚያስቀድማት የሚወስነው ሥልጣን የያዘው ሆነ።

በገበያ ውስጥ ግን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የጎዳና ነጋዴው ጩኸት ነው። «አለቀ ደቀቀ!» ይላል፣ ክምሩ ፊቱ ተቆልሎ እያለ። ሁለት ቃል፣ ቤት የመታ፣ የሚያስቸኩል። ሚስጥሩን ሁሉ ይዟል። በአዲስ አበባ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያዎች «ጥቂት ቤቶች ብቻ ቀርተዋል» ሲሉ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የጎዳናው ነጋዴ ክምሩን እያሳየ ሲጮህ፣ እነዚህ ገና ያልተገነባውን አለቀ ማለታቸው ነው። በእነዚህ ማስታወቂያዎች ውስጥ እያንዳንዱ ትንሽ ቃል ትልቅ ሥራ ይሠራል። ዋጋው «በካሬ» ይነገራል፤ ጠቅላላው ድምር አይነገርም። «ከ… ጀምሮ» ይላል፤ በዚያ መነሻ ዋጋ የሚሸጠው ምናልባት ከመሬት በታች ያለው ወይም ጀርባውን ለመንገድ የሰጠው አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ይለካል፤ «ከቦሌ አየር ማረፊያ የ10 ደቂቃ መንገድ»፤ የስንት ሰዓት ላይ ደቂቃ እንደሆነ ግን የመንገዱን መጨናነቅ የሚያውቅ ነዋሪ ብቻ ይጠይቃል። ቅናሹ «እስከ» ያህል ነው። «እስከ» የምትባለው ቃል በአማርኛ ማስታወቂያ ውስጥ ካሉት ሁሉ በጣም ትጉ ሠራተኛ ናት፤ አንድ ዕቃ ላይ 50 በመቶ የቀነሰ ሱቅ በሙሉ «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» ብሎ በሩ ላይ መለጠፍ ይችላል፤ ውሸትም አይደለም።

ማስታወቂያው ለውጭ አገር ነዋሪ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይሄድና ናፍቆት ይቀድማል። በአሜሪካ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚሰሙት «አገርዎ ላይ የራስዎ ቤት» የሚለውን ነው፤ እናት፣ ቡና፣ የበዓል ጠዋት። ዱባይ ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ለዓመታት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለቅድመ ክፍያ ስታውል የምትገዛው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ የመመለስን ተስፋ ነው። ለዚያ ነው እነዚህን ማስታወቂያዎች ስሰማ ልቤ የሚያዝነው። የርክክብ ቀኑን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ «በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል» ነው፤ ይጠናቀቃል እንጂ «እናጠናቅቃለን» አይልም። ገንዘቡን ሲቀበሉ «እኛ» የነበሩት ሰዎች ግንባታውን ሲጨርሱ የሉም።

ቤት የመታ ቃል ለምን እንደሚያሳምን በሳይንስም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የማይክል ማክግሎን እና የባልደረባው ጥናት ሰዎች ቤት የሚመታ ምሳሌያዊ አነጋገርን፣ ሐሳቡ ያው ሆኖ ቤት ከማይመታው ይልቅ እውነት ነው ብለው እንደሚቀበሉ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድን አባባል ደጋግሞ መስማት ብቻውን እውነት እንዲመስል እንደሚያደርገው አረጋግጧል። እኛ በምሳሌያዊ አነጋገር፣ በቅኔና በዘፈን ያደግን ሕዝቦች ስለሆንን ለሁለቱም የተመቸን ነን። ሬዲዮ ላይ በቀን ደጋግሞ የሚዘፈን የሳሙና ማስታወቂያ ከአንድ ወር በኋላ በሕፃናት አፍ ላይ ይገኛል፤ ሕፃኑ ሳሙናውን አይገዛም፣ እናቱ ግን ሱቅ ቆማ የምታስታውሰው ስም እርሱ የዘፈነውን ነው።

ሕጉ ይህን ሁሉ ምን ያህል ይደርስበታል? የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅም ያዝዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ በፊት ምሽቱን የተቆጣጠረው ቢራ ነበርና። ይሁን እንጂ ሐበሻ፣ ዋልያ፣ ዳሸን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ቀድመው የአገር፣ የተራራና የቅዱሳን ክብር የተላበሱ ናቸው፤ ስሙ ማስታወቂያ ሲሆን ምንም አዋጅ አይደርስበትም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ተለይቶ የመታወቁ ጉዳይ ነው። በኤፍ ኤም ሬዲዮ አዘጋጁ ስለ ልጆች አስተዳደግ በቁም ነገር ሲያወራ ቆይቶ፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ ሙዚቃ ሳያስገባ ስለ አንድ የዱቄት ወተት ማውራት ይጀምራል። አድማጩ ለዓመታት የተማመነው በአዘጋጁ ድምፅ ላይ ነው፤ አሁን የተሸጠው ያ መተማመን ነው። አዋጁ የወጣው ቲክቶክ ገና ባልተፈጠረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ አንዲት ታዋቂ ወጣት ክሬም ተቀብታ «እኔ የምጠቀመው ይሄን ነው» ስትል የተከፈላት መሆኑን የሚነግረን ምንም ምልክት የለም። እዚህ ላይ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አለው፤ «እኔ» ብላለች። የጠፋው ከፋዩ ነው።

ማሳመን በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በአማርኛ ከተነገሩት ሁሉ እጅግ አሳማኝ ከሆኑት አንዱ የአፄ ምኒልክ የመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ነው። «ያገሬ ሰው ከዚህ ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም። አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም። ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ። ጉልበት የሌለህ ለልጅህ ለምሽትህ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘንህ እርዳኝ። ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ። አልተውህም።» እዚህ ውስጥ አንድም የተደበቀ ሰው የለም። ንጉሡ ሕዝቡን ሁሉ «አንተ» ብለው ለየብቻው ያነጋግሩታል፤ እያንዳንዱ ሰው በግል የተጠራ ይመስለዋል። የሚጠይቁት ምን እንደሆነ፣ ከማን እንደሚጠይቁ፣ እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው፣ የሚቀጡትም ራሳቸው መሆናቸውን በግልጽ ይናገራሉ። ማስፈራሪያውን እንኳን «እርምጃ ይወሰዳል» አላሉትም፤ «አልተውህም» ነው ያሉት። ሰሚው ተስማምቶ ቢዘምትም ተቃውሞ ቢቀርም፣ ከማን ጋር እንደተስማማ፣ ከማንስ ጋር እንደተጣላ ያውቃል። «ሕጋዊ እርምጃ ይወሰዳል» የሚለው የዛሬው መግለጫ ግን ወሳጁ ማን እንደሆነ ስለማይናገር እርምጃው ባይወሰድም የሚጠየቅ የለም፤ ያለ አግባብ ቢወሰድም የሚጠየቅ የለም።

ስለዚህ አርታኢዎቻችንን የምለምናቸው ነገር አለ፤ ከባድም ገንዘብ የሚጠይቅም አይደለም። የሚቀጥለው የዋጋ ለውጥ መግለጫ ሲደርሳቸው «ማስተካከያ ተደረገ» የሚለውን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ነገር ያስገቡ፤ የወሰነውን መሥሪያ ቤት፣ የነበረውን ዋጋ፣ አዲሱን ዋጋና የሚጀምርበትን ቀን። ኃላፊው የተናገሩትን ሄደው ካላዩት «ብለዋል» ይበሉ። ሰው ተገድሎ ገዳዩ ከታወቀ ገዳዩን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ያድርጉት። የማስታወቂያ ክፍያ የተቀበለ አዘጋጅም «ይህ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው» ብሎ በገዛ ድምፁ ይናገር፤ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። አዋጅ ቁጥር 759 በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው፤ የሬዲዮው አዘጋጅ ዛሬ ማታ ከዜናው በኋላ ሊጀምረው ይችላል።